የግራ ፊት ኩሽኔታ

ቡፌዬ ላይ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ አጠገብ፣ አንድ የተበላ ኩሽኔታ ተቀምጧል። የመኪና ጎማ የሚሽከረከርበት፣ ውስጡ ትንንሽ ብረቶች ያሉት ቀለበት ነው። እንግዳ ሲመጣ "ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?" ይለኛል። "ጠላቴን ያዋረድኩበት ነው" እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለም።

ባሌ ሲሞት አሮጌ መኪናውን ትቶልኝ ሄደ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ሰፈሩ ጉድ አለ። ይበል! ለቅሶ ቢሉ፣ የታመመ መጠየቅ ቢሉ፣ ከአቃቂ ሳሪስ የማንንም ፊት ሳላይ እሄድ ነበር። ታዲያ አንድ ሰሞን መኪናዋ ማጉረምረም ጀመረች። በቀስታ ስነዳት ዝም ትላለች። ስልሳ ላይ ስትደርስ "እምምም" ትጀምራለች፤ ሰማንያ ላይ መቀመጫዬ ድረስ ይመጣል። መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ሳዞር ይብስባታል፣ ወደ ግራ ስመልሰው ይቀንስላታል።

ሰፈራችን ውስጥ አንቱ ወደተባለ መካኒክ ወሰድኳት። አብራኝ የመጣችውን ልጄን ጋራዡ ውስጥ አስቀምጠን፣ እሱ እየነዳ እኔ ጎኑ ሆኜ ዋናው መንገድ ላይ ወጣን። ስልሳ ስንገባ እምምም አለች። "ይኸው!" አልኩት። መንገዱን ትቶ አፍ አፌን አየኝና "ምንም የለም" አለ።

ስንመለስ ደንበኞቹ ሁሉ ፊት፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ጆሮዎ ነው ማዘር" አለኝ። "ፈትል ፋብሪካ ስንት ዓመት ሠሩ?"

"ሠላሳ አንድ።"

"በቃ! የማሽኑ ጩኸት አብሮዎት ጡረታ ወጥቷላ!"

ሳቃቸው ለጉድ ነበር። ልጄ ብቻ አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ቤት እንደገባን የመኪናዬን ቁልፍ ከእጄ ወሰደች። "እማዬ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማው ሰው ያለውን ጥሩምባ ሳይሰማ ቢቀርስ? ሰው ገጭተሽ እስር ቤት ስንቅ ላመላልስልሽ?" አለችኝ። እሷ ራሷ መንዳት አትችልም። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ የጎረቤት ዶሮ ይወጣባት ጀመር። እኔም ከሷ ጋር ቆምኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልብስ ሳጥብ የምጨምቀው የዚያን መካኒክ አንገት ነበር። ማዘር ይለኛል ደግሞ! እኔ አንተን የመሰለ አልወለድኩም።

አዎ፣ ጆሮዬ ደክሟል። ማን ካደ? ግን እኛ ፋብሪካ ውስጥ ኩሽኔታን በጆሮ አዳምጠን አናውቅም፤ በዚያ ጩኸት መሃል ማን ምን ይሰማል? እንጨት ማሽኑ ላይ አስደግፈን ሌላውን ጫፍ በጥርሳችን እንነክሳለን። ደህናው ጸጥ ይላል። የተበላው አሸዋ እንዳለበት ሽሮ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። አንድ ቀን ልጄ ሥራ ስትሄድ ጎማ የሚጠግነውን ጎረቤቴን ጠራሁት። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ እያነሳ በእጁ አሽከረከረልኝ፤ እኔ ተንበርክኬ የማማሰያዬን ጫፍ ነከስኩ። ቀኙ ደህና ነው። ግራው ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። ሰውየው ጉዴን አይቶ አማተበ።

እዚያው እንደተንበረከኩ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ፋብሪካ ውስጥ የምናወራው ድምፅ ሳናወጣ በከንፈር ብቻ ነበር። አለቃው አጠገባችን ቆሞ እያለ ስናማው አይሰማንም። የምናወራውን ሰው አፍ አፉን ነው የምናየው። መካኒኩም መንገዱን ትቶ ያየኝ እንደዚያ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ አጠገቡ የሠራ ሰው! "አሃ! አንተ ጉደኛ፣ ያዝኩህ" አልኩ።

ለብቻው ጠርቼ ልነግረው እችል ነበር፣ ደግ ሴት ብሆን። እሱ ግን እኔን ሰው ፊት ነው ያዋረደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋራዡ በሰው ሲሞላ፣ ልጄን አስከትዬ በእግሬ ሄድኩ። ፊት ለፊቱ ቆምኩ። "እንዴት ነዎት ማዘር?" አለኝ። ድምፄን ዋጥ አደረግሁና በከንፈሬ ብቻ፣ "የግራ ፊት ኩሽኔታ ነው። አንተ አልሰማኸውም" አልኩት።

"ኧረ ማዘር!" ብሎ ጮኸ። "ዛሬ ደግሞ የግራ ኩሽኔታ አመጡብኝ? በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ደህና ነው አልኩዎት እኮ!"

ከኋላው የቆመ አንድ ደንበኛ፣ "ማንን ነው የምታናግረው? እሳቸው እኮ ትንፍሽ አላሉም" አለው። ይህንንም አልሰማ። የኔን መልስ እየጠበቀ ፈገግ እንዳለ ቆመ።

ልጄ የኔን ከንፈር እያነበበች ያደገች ናት። መጀመሪያ እሱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። "ሌላ መካኒክ ጋ እንወስዳታለን" አለች።

እሱ አንዱን ሰው አየ፣ ሌላውን አየ፤ ሁሉም እሱን ነው የሚያዩት። ፈገግታው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። አልዋሽም፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ልጄ ክንዴን ይዛ "በቃ እማዬ፣ እንሂድ" አለችኝ። ዓይኑ አሁንም አፌ ላይ ነበር፣ አንድ ነገር እንድለው እየለመነ። ድምፅ ሳላወጣ፣ ለሱ ብቻ፣ ቀስ አድርጌ "ጆሮህ ነው" አልኩት።