አማቱ የቆሙበት ሚዛን

ሰውየውን በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጎረቤቴ ነው፤ አጥር እንጋራለን። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርክ» ከመባባል አልፈን ቁም ነገር ያወራንበትን ቀን ግን አላስታውስም። የተሻለ የሚጽፍለት ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ሠፈሩ «ባለሚዛኑ» ይለዋል።

ድሮ ከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ነበራት። የሚመጣው አውሮፕላን ትንሽ ስለነበር ሻንጣው ብቻ ሳይሆን መንገደኛውም ይመዘናል። መዛኙ እሱ ነበር። ወፈር ያሉት እንዳያፍሩ ኪሏቸውን ጮክ ብሎ አይጠራም፤ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ነው የሚነግራቸው። ደረት ኪሱ ላይ ክንፍ የተጠለፈበትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ሲያልፍ ሰው ብድግ ይልለት ነበር።

የመጨረሻው አውሮፕላን የሄደ ጊዜ ትንሿ ልጄ ዳዴ ትል ነበር። አሁን በቁመት በልጣኛለች። መንደርደሪያው የጭነት መኪና መቆሚያ ሆነ፤ የመንገደኞች አዳራሹ ደግሞ የጅምላ ሽንኩርት መሸጫ። ትኬት ይቆረጥበት በነበረው መስኮት ውስጥ ደላሎች ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ሚዛኑ ከቦታው አልተነሳም፤ ባለሚዛኑም አብሮት ቀረ። ሸሚዙንም አልተወ፤ ከቤት ለብሶት ይወጣና ገበያው ሲደርስ ቡናማ ጋዋን ይደርብበታል።

ከተማው ይሄን ሁሉ ያውቃል። የማያውቁት አማቱ ብቻ ናቸው። የሚኖሩት ሩቅ ገጠር ነው። ልጃቸውን ሲያገባ «አንድ ቀን በአውሮፕላን አሳፍርዎታለሁ» ብሏቸው ነበር፤ ስልክ በደወሉ ቁጥር ግን «ሰሞኑን ደመና ነው»፣ «ጥገና ገብቷል» እያለ ዓመታቱን ገፋ። ዘንድሮ ለዓይናቸው ሕክምና በአውቶቡስ መጡ። «ስመለስ እንግዲህ በአየር ነው» አሉ። ሚስቱ «የዋሸኸው አንተ፣ የምትነግራቸውም አንተ» ብላ እጄን አላስገባም አለች። እሱ ዛሬ ነገ ሲል ሰነበተ።

እሳቸው ደግሞ ምግብ ቀነሱ። «ምነው እማማ፣ አመምዎት እንዴ?» ሲባሉ መልሳቸው «ኧረ ጠግቤያለሁ» ነበር።

ያን ቀን እኔ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። አማቱ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥለው ከታክሲ ወረዱ። አዳራሹን፣ ግርግሩን፣ የተከመረውን ጆንያ አዩና ፊታቸው በራ።

«ውይ! ይሄ ሁሉ ሰው ዛሬ ሊበር ነው?»

ባለሚዛኑ ዞር ሲል አያቸው። የጋዋኑን ቁልፍ ከላይ ጀምሮ ይፈታ ጀመር፤ ክንፉ ብቅ ሲል መልሶ ቆለፈው።

«እማማ... ማን አመጣዎት?»

«ማን ያመጣኛል፣ ዓይኔ እንደሆነ ድኗል። ዛሬ ነገ አትበለኝ ልጄ፣ ሻንጣዬን ይዤ ወጥቻለሁ።» ጫማቸውን አወለቁና ሚዛኑ ላይ ወጥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። «በል መዝነኝ። አውሮፕላኑን እንዳልከብደው ብዬ ጦሜን ነው የከረምኩት።»

አንዱ ወዛደር ጆንያውን ዱብ አደረገና «እማማ፣ በጅምላ ነው በችርቻሮ የሚሸጡት?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ባለሚዛኑ ቀና ብሎ ማንንም አላየም። የሚዛኑን መርፌ አነበበ። ከዚያ እንደ ድሮው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። ኪሏቸውን የነገራቸው መስሎኝ ነበር። እውነቱን እንደነገራቸው የገባኝ ፊታቸው ሲለወጥ ነው።

ቀስ ብለው ወረዱ። ጫማቸውን ለማድረግ ጎንበስ ሲሉ ቀድሟቸው ተንበረከከና ያደርግላቸው ጀመር። እኔ ሽንኩርት የምመርጥ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ነበር።

«ቆየ እንዴ መምጣት ካቆመ?» አሉት። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ለሱ ሳይሻለው አይቀርም።

ሁለተኛውን ጫማ አነሳ።

«ልጄ፣ አንተን እኮ ነው። ያ ደመና ነው ስትለኝ የነበረው... መቼ ነው የቆመው?»

የጫማቸውን ማሰሪያ እንደያዘ ቀረ።

«እሱን ይተዉኝ እማማ» አለ። «ሌላ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ እሱን ብቻ አይጠይቁኝ።»