የቀነሱት ጥሪዎች

እንግሊዝ አገር፣ ካምደን ውስጥ፣ አቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚንከባከብ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ድርጅቱ ስልክ አንሺዎቹን አሰናብቶ በምትካቸው የኮምፒውተር ሲስተም ገዛ። ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ መልእክቱን ይተዋል፤ የቀረውን ሲስተሙ ይጨርሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ አለቃዬ፣ "በእርግጥ ጠቅሞናል? አጥንተሽ አቅርቢ" አለችኝ።

ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም የጥሪዎች መቀነስ ነበር። ሰዉ ጉዳዩ ቶሎ ስለሚያልቅለት ደጋግሞ መደወል ትቷል ብዬ ጻፍኩ። ቦርዱ በጣም ተደሰተ።

በሳምንቱ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር አንድ ሱቅ ስገባ፣ ከተሰናበቱት ስልክ አንሺዎች አንዷን እቃ ሲደረድሩ አገኘኋቸው። እናቴን የሚያክሉ የአገሬ ሰው ናቸው።

"የዊልስደኑ አባባ ደህና ናቸው ልጄ?" አሉኝ። "ጠዋት ጠዋት ይደውሉልኝ ነበር። ተንከባካቢዋ ስንት ሰዓት ትመጣለች ይላሉ። ሰዓቱን ያውቁታል እኮ፤ ሰው ማናገር ፈልገው ነው። እንግሊዝኛም አይሆንላቸው፣ ማሽኑን እንዴት ያናግሩታል?"

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የአባባን ጥሪዎች ቼክ አደረግኩ። ሲስተሙ ከገባ በኋላ አንድ መልእክት ብቻ ትተዋል። ከፍቼ አዳመጥኩት። "ሃሎ... የኔ ልጅ፣ አለሽ? ዛሬ ራሴን አዞረኝ።" ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ዝምታ። ሲስተሙ ቋንቋውን ስላላወቀው "ጥያቄ የለውም" ብሎ ዘግቶታል።

ከሥራ ስወጣ ዊልስደን፣ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ባንኳኳም የሚከፍት አልነበረም። ጎረቤታቸው ብቅ ብላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ተንከባካቢዋ እንዳገኘቻቸው፣ ሆስፒታል ከገቡ በኋላም ሕይወታቸው እንዳለፈ ነገረችኝ። ወሬው ከተንከባካቢዎቹ ክፍል አልፎ እኔ ጋ አልደረሰም ነበር። እኔ ዝምታቸውን ጥቅም ብዬ ቆጥሬው ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኳት። "ሲስተሙ ባይኖርም ሊወድቁ ይችሉ ነበር" አለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ መደወል ላቆሙት ሁሉ አንድ በአንድ ልደውልላቸው ብዬ አስፈቀድኩ። አብዛኞቹ ደህና ነበሩ። አንዲት አሮጊት ግን ገና ሃሎ ስል፣ "ሰው ነሽ?" ሲሉ ጠየቁኝ። አዎ ብላቸውም አላመኑኝም፤ ደጋግመው ጠየቁኝ።

ሪፖርቱን እንደገና ጻፍኩት። ቦርዱ ሲስተሙን ሳይተው፣ ጠዋት ጠዋት ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ለመቅጠር ተስማማ። ሥራው መጀመሪያ የቀረበው ለእኚያ ለሱቋ ሴትዮ ነበር። የአባባን ማረፍ ሰምተው ስለነበር አልመለስም አሉ። ስለ መልእክቱ ልነግራቸው ብዙ ጊዜ አስቤ፣ እስከ ዛሬ አልቻልኩም።