ለጠበል የተጠረበ ምርኩዝ

ትናንት ጊንጪ ገበያ ዳር አናጢው ወይራ ሲልግ ሽታው ደረሰኝና መቀመጥ አቃተኝ። መጀመሪያ ጠበል የሄድንበት ቀንም እንዲሁ ነበርኩ። ትንሽ ሳለሁ ከያዘኝ ትኩሳት በኋላ ቀኝ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ አምቦ አጠገብ ወዳለው ጠበል ሊወስዱኝ ነው። አባዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በቁመቴ ልክ የወይራ ምርኩዝ ይጠርባል። እኔ እንሂድ እንሂድ እያልኩ፣ እየተንፏቀቅሁ ፍቅፋቂውን እበትናለሁ። እማዬ ስንቋን ቋጥራ ስትወጣ አየችው።

«አንተ ሰው፣ የዳነ ሁሉ ምርኩዙን ጠበሉ ደጅ ጥሎ ይሄዳል። አንተ አዲስ ይዘህ ልትገባ ነው? እምነት የለህም?»

አባዬ ከሥራው ቀና አላለም።

«ስትድን የምትጥለው ያስፈልጋት የለ?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከዚያ ደግሞ ትሂድበት።»

እማዬ ሳትወድ ሳቀች። እኔ ግን ትድናለች ማለቱ ይሁን አትድንም ማለቱ አልገባኝም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ፊቱን ፊቱን ሳይ አምቦ ደረስን።

ቁመቴ በጨመረ ቁጥር አባዬ ሌላ ይጠርብልኛል። ዛሬም ጠበል ስንሄድ እማዬ ምርኩዜን ተቀብላ የዳኑ ሰዎች ጥለዋቸው ከሄዱት ምርኩዞች መካከል ታስደግፈዋለች። ተጠምቄ ስወጣ ቀድማ አንስታ የምታቀብለኝም እሷ ናት።