አምስተኛዋ ነዋሪ

ዲላ፣ ከንጋቱ 11፡30

ከዶርም ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል፤ አስፋልቱ ግን ገና እርጥብ ነው። እኔና ምህረት በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድን። ምህረት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ የዚሁ አካባቢ የጪጩ ልጅ ስለሆነች የጌዴኦ ቋንቋ፣ ጌዴኡፋ፣ አፍ የፈታችበት ነው። እኔ የመጣሁት ከአሰላ ነው፤ ከጌዴኡፋ የማውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው። መምህራችን አንድ ላይ የመደበን ለዚህ ነው፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ ትተረጉማለች።

የምንሄደው ወደ ፍስሐ ገነት ነው። ሥራው የመንግሥት ቆጠራ አይደለም፤ እኛ ጀማሪዎች የቤተሰብ አመዘጋገብ የምንለማመድበት ነው። የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ «በዚህ ቤት በቋሚነት የሚኖሩት እነማን ናቸው?» መመሪያውን ማታ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የኖረ፣ ወይም ያን ያህል ለመኖር አስቦ የመጣ ይቆጠራል። ለጥቂት ቀን ወጣ ያለም ይቆጠራል። ሌላ ቦታ የሚኖር ግን እዚያው በሚኖርበት ነው የሚጻፈው። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይጻፍ፣ ማንም ደግሞ ሳይጻፍ እንዳይቀር ነው።

መንገድ ላይ፣ ጠዋት 1፡20

ሚኒባሱ ሞልቷል። ወናጎን አልፈናል። ግራና ቀኙ ጥላ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ቡና፣ ከቡናው መሀል ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል ነው። የቡናው ፍሬ መቅላት ጀምሯል። ሴቶች በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና በጆንያ የሞላ አቮካዶ ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል።

ሹፌሩ ሥራችንን ሲሰማ እሱን የት እንደምንጽፈው ጠየቀ። ሦስት ሌሊት ዲላ፣ ሦስት ሌሊት ሞያሌ ያድራል።

«ሰባተኛውስ?» አለችው ምህረት።

«ሰባተኛውን ሚስቴም አልደረሰችበትም።»

ከኋላ ሳቁ። እኔ ግን የምር ጥያቄ መስሎኝ ሚስትና ልጆቹ ካሉበት ቤት ጋር እንደሚጻፍ አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

ፍስሐ ገነት አጠገብ፣ 3፡40

ከከተማው ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄደን ወይዘሮ አየለች ቤት ደረስን። ቆርቆሮ ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ ጓሮው በሙሉ እንሰት ነው። ገና ሳንቀመጥ ቆጮና ጎመን ቀረበ። ወይዘሮ አየለች አማርኛ ይችላሉ፤ ጠንከር ያለ ነገር ሲመጣ ግን ወደ ጌዴኡፋ ይመለሳሉ።

ስንት እንደሆኑ ስጠይቃቸው ሳያመነቱ አምስት አሉኝ፤ ባለቤታቸው አቶ ጅግሶ፣ እሳቸው፣ ሁለት ሴት ልጆችና ሐዋሳ የሚማረው ወንድ ልጃቸው። አቶ ጅግሶ ቡና ማጠቢያው ጥበቃ ላይ አድረው ገና አልተመለሱም፤ እሳቸውን ጻፍኩ። የልጁን ስም ግን ሰረዝኩት፤ ሐዋሳ መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«አልጋው እኮ ይኸውና!» አሉ፣ ወደ ጓዳ እያመለከቱ። «አንቺስ፣ እናትሽ ሰርዛሻለች?»

እናቴ ስንት ልጅ ቤት እንዳለ ስትጠየቅ እኔንም እንደምትጨምር አውቃለሁ።

አራት ብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ፤ ትናንት ሌሊት እዚህ ያደረው ማን ነው? ወይዘሮ አየለች ራሳቸውንና ልጆቹን ጠሩ፤ ቀጥለውም፣ «ብርቱካን» አሉ።

ይህን ስም ቀድመው አልነገሩኝም ነበር። ብርቱካን የአቶ ጅግሶ እህት ናቸው። ቅድም ለእጃችን ውኃ ያፈሰሱልን፣ እጃቸው ላይ የጓሮው አፈር ያልለቀቀው ሴት እሳቸው ነበሩ። «እንግዳ ናት፣ አትጻፊያት» አሉኝ ወይዘሮ አየለች። መቼ እንደመጡ ጠየቅኩ። ባለፈው ዓመት ቡና ሲለቀም ነው። አሁን ሌላ ለቀማ እየደረሰ ነው።

ምህረት ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳችኝ። ሴትየዋ ትዳራቸውን ትተው ነው የመጡት። እንግዳ ብሎ መጥራት ክብር ነው፤ ከቤቱ ሰው ጋር መጻፍ ግን የራሷ ቤት የላትም እንደማለት ይሆናል። እንግዳ ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አይጠየቅም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቤት ማንም ይህን ነገር አላነሳም።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ስድስት ወር አልፏቸዋል፤ ለመጻፍ ያ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ቅጹ ምንም እንዳይጎድለው ብዬ ወደ እሳቸው ዞሬ ጠየቅኩ፦ «ከዚህ በኋላስ እዚሁ ለመኖር አስበዋል?»

ወይዘሮ ብርቱካን መልሱን ለእኔ አልሰጡኝም። የወንድማቸውን ሚስት ፊት አይተው፣ «የፊታችን ሳምንት እሄዳለሁ» አሉ።

የጥግ ልብስ መስቀያው ላይ የቤተሰቡ ልብስ ተደራርቧል። የእሳቸው ግን ከሥሩ በነጠላ እንደተቋጠረ ተቀምጧል። በአንድ ጥያቄ ሰው ከቤት ያስወጣሁ መሰለኝና እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ወይዘሮ አየለች በጌዴኡፋ መናገር ጀመሩ። ድምፃቸው የተቆጣ ነው፤ በእኔ ይሁን በወይዘሮ ብርቱካን አላወቅኩም። ምህረት ጨርሰው እስኪተነፍሱ ጠብቃ ተረጎመችልኝ።

«ለምን እሷን ትጠይቃታለች፣ እኔን ትጠይቀኝ። በበልጉ ጓሮውን ቆፍራ የእንሰቱን ችግኝ የተከለችው እሷ ናት። አራት አምስት ዓመት ሳይሞላው አይበላም። የተከለችውን ሳትበላ የት ትሄዳለች?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ «ጻፊ» አሉ።

ወይዘሮ ብርቱካን በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረግ አደረጉ። ከዚያ የአባታቸውን ስም ራሳቸው ነገሩኝ፤ በትክክል መጻፌንም ጎንበስ ብለው አዩ። ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያላቸው ዝምድና፣ እህት። የነዋሪነት ሁኔታ፣ ቋሚ። ድምር፣ አምስት።

ወደ አስፋልቱ፣ 8፡10

ምህረት መንገዱን ሙሉ ስትቀልድብኝ መጣች፤ አምስት ተብሎ የተጀመረውን አምስት ብሎ ለመጨረስ ይህን ሁሉ ሰዓት ፈጀሽ አለችኝ። ልክ ናት። ስንት ናችሁ ብዬ ብቻ ጠይቄ ብመለስ ኖሮ ቁጥሩ ትክክል ይሆን ነበር። ልጁ ግን ሐዋሳም እዚህም ይጻፍ ነበር፣ ሴትየዋ ደግሞ የትም አይጻፉም ነበር። መምህራችን ከድምሩ በፊት ስም ጻፉ የሚለን ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ወይዘሮ አየለች ከደጃቸው ተመልሰዋል። እስከ አስፋልቱ የሸኙን ወይዘሮ ብርቱካን ናቸው። ለመንገድ ብለው አቮካዶ በፌስታል ይዘውልናል።

ወደ ዲላ የሚሄድ ሚኒባስ ቆመ። እኔና ምህረት ገባን። ሹፌሩ በሩ አጠገብ የቆሙትን ሴት አይቶ፣ «እናት፣ እርስዎስ አይሄዱም?» አላቸው።

«አልሄድም፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉና ፌስታሉን በመስኮት አቀበሉን።