እናቴ የወለወለችው አምፕሊፋየር

ሰሞኑን ሃያ ሁለት አንድ ካፌ ገብቼ መደርደሪያ ላይ ለጌጥ የተቀመጠ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር፣ ያን የድሮ የድምፅ ማጉያ፣ አየሁ። የአበባ ማስቀመጫ ጭነውበታል። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዐይኔን ከእሱ መንቀል አቃተኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አብረውን የሚኖሩት አያቴ ጆሯቸው እየከዳቸው ሄደ። የሰው ወሬ አለመስማታቸውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም፤ "ወሬ ቢቀርብኝ ምን ይጎድልብኛል?" ይሉ ነበር። የከበዳቸው በገና ነው። በዐቢይ ጾም የበገና ሸክላችንን ስናጫውት ጆሯቸውን ትንሿ ማጫወቻ ላይ ለጥፈው ይቆዩና አንገታቸውን ነቅንቀው ይነሳሉ። አባቴ ይህን ማየት አንጀቱ አልቻለም።

ቦሌ ውስጥ አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ያኔ ፈረንጅ ዕቃ ሊሸጥ ነው ከተባለ ሰው ለፍሪጅና ለሶፋ ይጋፋል። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የሚሰለቸው አባቴ ያን ቀን እኔን አስከትሎ ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ጠበቀና ቀጥ ብሎ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄደ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሳይሞክረው ከነስፒከሮቹ ገዛው። በትንሿ ሰማያዊ ታክሲ ስንመለስ አንዱ ስፒከር ጭኔ ላይ ነበር፤ የአሮጌ እንጨትና የሲጋራ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ቤት ደርሰን ከትንሿ ማጫወቻ ጋር አገናኝቶ ሲሰካው አምፖል የሚመስሉት ቫልቮቹ እንደ ፍም ቀላ አሉ። ድምፅ ግን የለም። ሸክላው ይዞራል፣ አባቴ ቁልፉን ወዲያ ወዲህ ያዞራል፣ ዝም። አያቴ ወንበራቸውን አስጠግተው ሲጠብቁ ቆዩና "ጀመረ እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ጆሯቸው ጨርሶ የተዘጋ መስሏቸው ነበር።

ፈረንጁ የሚሄደው በማግስቱ ነው። የሰው አገር ሰው በቁጣ ማፋጠጥ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ አባቴ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዞ ዕቃውን መልሶ እንዲወስድለት ሊያስለምን ሄደ። እናቴ "ለአምፕሊፋየር ሽማግሌ ሲላክ ዛሬ ገና አየሁ" ብላ ሳቀች።

ከሄዱ በኋላ ግን ጨርቅ አነሳች። "የሰው ዕቃ ከነአቧራው አይመለስም፤ ነገ ስማችን ይነሳል" አለች። ከመሰኪያው ነቅላ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ፣ ቫልቮቹን አንድ በአንድ እያወጣች እግሮቻቸውን ሳይቀር ወልውላ መለሰቻቸው። ከዚያ "ሰብራ መለሰችው እንዳልባል" ብላ ሰካችው፤ ሸክላውንም አስነሳች። ለካ ድምፁን የያዘው የእግሮቹ ቆሻሻ ኖሯል፤ ጥቂት ቆይቶ በገናው ቤቱን ሞላው።

አያቴ መጀመሪያ ጣሪያውን አዩ። ቀጥሎ መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳረፉ። "ይሄማ በገና ነው!" አሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ። እናቴ አለቀሰች፤ እኔም እሷን አይቼ አለቀስኩ።

አባቴ የተመለሰው የፈረንጁን ዘበኛ አስከትሎ ነው። ፈረንጁ ሽማግሌ አክብሮ እሺ ብሏል፤ ዘበኛው ዕቃውን ሊረከብ መጥቷል። አራቱም በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፁን ሰምተው ቆሙ።

"እንግዲህ ልጄ፣ እኛን ልከህ ያስጨረስከውን ልታፈርስ ነው?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

አባቴ አያቴን አየ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። እባክዎን ተመልሰው ይቅርታ ይጠይቁልኝ።"

"እጠይቅልሃለሁ" አሉ ሽማግሌው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው እየተቀመጡ። "መጀመሪያ ግን ይቺን ልስማ።" ዘበኛውም ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

አያቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዐቢይ ጾም ሰሙበት፤ ሦስተኛው ላይ አልደረሱም። ዛሬ ስልኬ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። እንደነካሁት ይጀምራል፤ ግማሽ ሳይደርስ ወደ ሌላው አልፋለሁ። ጆሮዬ ደኅና ነው፣ ተመስገን። እንደ አያቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰምቼ አላውቅም።