ልጄን ለማቀፍ ወደ ሞጣ

ለጃንሆይ የዘውድ በዓል ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ከቢቸና ተነሣሁ። ለዓመታት እጄንና አንገቴን ሲያሳክከኝ የኖረውን ችፌ ሞጣ ጤና ጣቢያ ላሉ አንድ ድሬሰር ማሳየት እፈልግ ነበር። ዋናው ጉዳዬ ግን ልጄ ነበረች። ባለቤቴ የሻረግ እናቷ ዘንድ ሞጣ ሄዳ ከወለደች አምስት ወር ሆኗል። አማቴ «ቁስሉ ሕፃኗ ላይ ይጋባል» ብለው እንዳልመጣ ስለላኩብኝ ልጄን ማሬን ዓይቻት አላውቅም፤ መጋባት አለመጋባቱን ድሬሰሩን ጠይቄ ላያት ቆርጬ ነበር።

በጭነት መኪና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥሁ። ፀሐይ ስትበረታ የሱፍ ካፖርቴ አንገቴን ይበላኝ ጀመር፤ እስኪደማ አከክሁት። ደብረ ወርቅ ወርደን ሽሮ በላን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ ነው። እኔ ግን «ማንን ትመስል ይሆን?» እያልሁ ነበር።

ሞጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ድሬሰሩ ከሐረር ተመድበው የመጡ ሽበታም ሰው ናቸው። እጄን በባዶ እጃቸው ያዙት። እንዲህ የያዘኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

«በምን ይታጠባሉ፣ መምህር?»

«በልብስ ሳሙናና በሚያቃጥል ውኃ። ለጊዜው ያስታግስልኛል።»

«እሱ ነው የሚያደርቅዎት። ቆዳዎ ሲደርቅ ያሳክካል፤ ሲያኩት ይቆስላል፤ ሲቆስል ይብስበታል።»

ለብ ባለ ውኃ እንድታጠብ፣ ገላዬ ሳይደርቅ ቫዝሊን እንድቀባ፣ ጥፍሬን እንዳሳጥር፣ ሱፍ እንዳላስነካው መከሩኝ። ለቀላው ቦታ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚሆን ቅባትም ከቫዝሊኑ ጋር ሰጡኝ።

«ይድናል?»

«ይተኛል፤ አንዳንዴም ይነሣል። አልዋሽዎትም።»

«ልጄ ላይስ ይጋባል?»

«በዘር ሊመጣ ይችላል እንጂ በመንካት አይጋባም።»

አማቴ ቤት ስደርስ የሻረግ ልጅቷን ታቅፋ በር ላይ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የማሬ ሁለት ጉንጮች ቀልተው ሻክረዋል። ፊቷን በእናቷ ትከሻ ላይ ትፈትጋለች።

«እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ያልጻፍሁልህ» አለችኝ።

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። «እርስዎ አልነኳትም። እኛ ምን አድርገናት ነው?»

«ምንም አላደረጋችኋትም፣ እማማ» ብዬ ድሬሰሩ ያሉኝን ነገርኋቸው። አማቴ ራሳቸው ውኃ ለብ አድርገው አመጡልኝ። ጉንጯን አጥቤ ቫዝሊኑን በጣቴ ቀባኋት። መፈተጓን ተወችና ደረቴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ክንዴ እስኪደነዝዝ አላወረድኋትም።

በማግሥቱ ለድሬሰሩ አሳየናት፤ ለእሷም ያንኑ መከሩ። እኔ ለሥራ ብቻዬን ተመለስሁ፤ እነሱ ለገና ይመጣሉ።

አሁን ቢቸና ሆኜ ይህን ስጽፍ አንገቴ ጋብ ብሎልኛል። እዚያ ቤት የማሬን ሕመም በገላው የሚያውቅላት አንድም ሰው አልነበረም። የማውቀው እኔ ደግሞ እንዳልጎዳት ብዬ አምስት ወር ሙሉ ራቅኋት።