የአንበሳ ቤቱ ደጃፍ

የጎንደር ሰው ስለ ግንቡ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። የእኔ ፊት ይጠቁራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ግንቡን አላየህም?» ሲሉት ስሰማ የሌሊት ወፍ ኩስና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ይመጣብኛል፤ ከሽታው ጋር ደግሞ የእትዬ ጥሩነሽ ሳቅ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ደንቢያ ውስጥ፣ ኮላ ድባ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ጎንደር ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሴት ልጅም ይቀበላል ተባለ። አባቴ ከታላቅ እህቱ ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር ተላልኮ፣ እሷ ቤት ተቀምጬ እንድማር ተስማሙ። እሱ እርሻ ላይ ስለነበር ይዛኝ የሄደችው እናቴ ናት። ጤፍና ቅቤ በአህያ ጭነን በአዘዞ በኩል ገባን። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ፊደል ነበር። የሰፈራችን ቄስ አንድ ቀን አፈር ላይ በጣታቸው ስሜን ጽፈው አሳይተውኝ ነበርና፣ እሱን በራሴ እጅ ለመጻፍ እቋምጥ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ የምትኖረው ፒያሳ አጠገብ፣ ጣሊያን የሠራው ቤት ውስጥ ነው። ቤቷ የሳሙናና የላምባ ሽታ ነበረው። የእናቴን እግር አይታ፣ የደንቢያ ጭቃ ወለሏን እንዳያበላሽ ደጅ ታጥበን እንድንገባ አዘዘች። ቅቤውን አሽትታ ቆይቷል አለች። እናቴ ለሁሉም «እሺ፣ እትዬ» ትላለች። ልጇን ልትተው የመጣች ሴት ሌላ ምን ትላለች?

በማግስቱ ግን እናቴ አንድ ነገር ለመነቻት። የነገሥታቱን ግንብ ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይታው አታውቅም፤ ወደ አገሯ ሳትመለስ ልታየው ፈለገች። እትዬ ጥሩነሽ ጎረቤቷን ጠርታ፣ «ነይ፣ ባላገር እናስጎብኝ» አለቻት።

ግቢው ውስጥ ሣሩ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ርግቦች ከመስኮት መስኮት ይበራሉ። እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የንጉሡ እልፍኝ የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ ጥሩነሽ ጎረቤቷን በክርኗ ነካ አደረገቻትና ለእናቴ በሩ ዝቅ ያለ አንድ የድንጋይ ቤት አሳየቻት።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ያደገድጋል፤ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስራል። እናቴ እንደዚያ አደረገች። ቤቱ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ላይ ዛፍ በቅሎበታል። ለእሷ ግን የንጉሥ ቤት ነው። እኔንም አጎነበሰችኝ። ከዚያ ተንበርክካ የበሩን ደፍ በግንባሯ ነካችው፤ ሳመችው።

ከኋላችን ሳቅ ፈነዳ።

«እልፍኙ ወዲያ ነው» አለች እትዬ ጥሩነሽ፣ እንባዋን እየጠረገች። «አንቺ የሳምሽው የአንበሳ በረት ነው።»

«ምነው የሺ» አለቻት ጎረቤቷ እናቴን፣ ሆዷን ይዛ፣ «ለአንበሳው ቅቤ አላመጣሽለትም?»

የበሩ ዘበኛ ሳይቀር ሳቀ። እናቴ ከንፈሯ ላይ የቀረውን አቧራ በእጇ ጠረገች። ነጠላዋን ግን አልፈታችም። የቀረውን ግቢ እንዳደገደገች ዞረችው።

ከሰዓት በኋላ ጠላ ሊጠጡ ሰዎች መጡ። እትዬ ጥሩነሽ ነገሩን ደጋግማ አወራችላቸው፤ ባወራች ቁጥር እናቴ ደፉን የምትስምበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ እኔን መሀል ቤት አቆመችኝና፣ እናቴ እንዴት እንደሳመች ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እንዳሳይ አዘዘችኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ተገትሬ ቀረሁ።

እናቴ ከጥግ ተነሣች። «ነይ፣ እንሂድ» አለችኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ሳቋ ጠፋ። «ልጅቷን የት ትወስጂያታለሽ? እንዳንቺ ፊደል ሳትለይ ትቅር?»

«በእናቷ መሳቅ ተምራ ፊደል ከምትለይ፣ ትቅር።»

አህያዋን ጭና እኔን አስቀደመችኝ። መንገድ ላይ አለቀስሁ፤ ለእሷ አልነበረም፣ ለትምህርቱ ነበር። እሷም ዝም በይ አላለችኝም። አዘዞን ካለፍን በኋላ፣ ለእኔም ይሁን ለአህያዋ እንጃ፣ «ንጉሡ ቢኖሩ አይስቁብኝም ነበር» አለች።

በኋላ ኮላ ድባ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጥቂት ዓመት ተማርሁ፤ ከዚያ ተዳርሁ። እትዬ ጥሩነሽ ስትሞት ለቅሶ ደርሻለሁ። ይቅር ማለት ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ከልጆቼ አንዱንም ዘመድ ቤት አላሳደርሁም። የመጀመሪያዋ ልጄ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስትደርስ ባሌን አስጨንቄ፣ ከብት አሽጬ፣ ጎንደር ቤት ተከራይተን ሁላችንም ገባን። እሷ እስክትተኛ አልተኛም ነበር፤ ከትምህርት ቤት ከዘገየች መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

ያቺ ልጄ ዛሬ መምህርት ናት። በቀደም ግንቡን ላሳይሽ ብላ ወሰደችኝ። ሽበት የጀመራት ሴት ናት፤ እኔ ግን ድንጋይ እንዳይወድቅባት እየሰጋሁ እጇን ይዤ ገባሁ። ሣሩ ታጭዷል። የሌሊት ወፉ ሽታ የለም። ወጣቶች ግንቡ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ሸንኮራ ይመጥጣሉ፤ ልጣጩን ወደ ታች ይጥላሉ። በእነሱ የሚስቅ አላየሁም። አንበሳ ቤቱ ጋ ስንደርስ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁና ወገቤ ላይ አሰርሁት።

ልጄ ዙሪያዋን አይታ፣ እጄን ይዛ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «እማዬ፣ ፍቺው፤ ሰው እያየን ነው።»

ክፋት እንደሌላት አውቃለሁ። ፊደሉን የለየችው እኔው ጉያ ሥር እያደረች ነው። ያን እፍረት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እናቴ እዚህ ደፍ ላይ የሆነችውንና አዘዞ መንገድ ላይ ያለችውን ነገርኋት። እጄን ለቀቀችኝና ዝቅ ያለውን በር ተመለከተች። እኔም ነጠላዬን ሳልፈታ ግቢውን እስከ መጨረሻው ዞርሁት።